ነፋሱን ለጣና ባለ ጀልባ ማን ይንገረው?

ፍራንክፈርት ውስጥ ቦርንሃይም በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው በጸደይ ወራት ነጎድጓድ ሳይነገረው አይመጣበትም። የጀርመን የአየር ትንበያ አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት ከማይን ወንዝ ማዶ፣ ኦፈንባህ ላይ ነው፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስጠንቀቂያውን በሞባይል መተግበሪያ ጭምር ያደርሳል። ረቡዕና ቅዳሜ በበርገር ሽትራሰ፣ በሰዓት ማማው ዙሪያ በሚቆመው ገበያ ድንኳን የዘረጋ ነጋዴ ነፋስ ሊነሣ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፤ ገመዱን ያጠብቃል፣ ዕቃውን ይሸፍናል። ባይነገረው የሚደርስበት ጉዳት የሸቀጡ መርጠብ ነው። በዚያው ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሥቶ ምእመናንን ወደ ደቅ ደሴት የሚያሻግር ባለ ጀልባ ግን የሚመካው በዓይኑና በልምዱ ብቻ ነው።

ይህ ዳሰሳ ጸደይ በጣና ላይ ምን ዓይነት አየር ይዞ እንደሚመጣ፣ ታንኳና ጀልባ እንዴት እንደሚቋቋሙት፣ ስለ አየሩ የሚታወቀውም ነገር የት ድረስ ደርሶ እንደሚቆም ይመለከታል። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ጣና በዋናነት የጎደለው የአየር እውቀት አይደለም። የጎደለው እውቀቱን ከቢሮ አውጥቶ ጀልባው እስከሚነሣበት ዳርቻ የሚያደርስ ሰውና ምልክት ነው።

ጸደይ ስል በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው። ከበልግ ጋር በከፊል ይደራረባል፤ ከአውሮፓውያን ጸደይም ጋር ብዙ አይራራቅም። ለጣና ይህ የሥራና የጉዞ ወቅት ነው። ፋሲካ ሁልጊዜ በዚሁ ውስጥ ይውላል፤ ግንቦት ልደታ አለ፤ የደሴት ገዳማትን የሚሳለም ሰው ይበዛል። ክረምት ሳይገባ እህሉን፣ ማገዶውንና ሸቀጡን ማጓጓዝ የሚፈልገውም በዚሁ ጊዜ ይጣደፋል። ስለዚህ ሐይቁ ሰው የሚበዛበት ጊዜና አየሩ ጠባዩን የሚለውጥበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ይህን ሁሉ ስፋት ይዞ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ አማካዩ 8 ወይም 9 ሜትር ነው። የጣናን ማዕበል ለመረዳት ከእነዚህ ቁጥሮች መነሣት ያስፈልጋል። ነፋስ ውኃን የሚያናውጠው በሦስት ነገር ነው፦ በጉልበቱ፣ በነፈሰበት የጊዜ ርዝመትና ሳይከለከል በሮጠበት ርቀት። ጣና ላይ ርቀቱ አለ፤ ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር የሚነፍስ ነፋስ መሐል ላይ ከደቅና ከጥቂት ደሴቶች በቀር የሚያግደው የለም። ጥልቀቱ ግን ስለሌለ ሞገዱ እንደ ውቅያኖስ ረዥምና ዝግ ያለ ሊሆን አይችልም። አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። አንዱን ሞገድ የወጣች ጀልባ አፍንጫዋን ሳታነሣ ሁለተኛው ይደርስባታል። በሜትር ሲለካ ትንሽ የሚመስል ሞገድ ጠፍጣፋ ሆድ ላላት ጀልባ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ጥልቀት የሌለው ውኃ ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት ጸጥ ብሎ የታየ ሐይቅ ነፋስ ባገኘ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ይናወጣል፤ ደለሉ ከሥር ተነሥቶ ውኃው ቡናማ ይሆናል።

ሁለተኛው የጸደይ ጣጣ የውኃው መውረድ ነው። የጣና ከፍታ በዓመት ውስጥ በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል ይወርዳል። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረም አካባቢ ይሞላል፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደርሳል። በመስከረም ጀልባ ያለ ሥጋት ያለፈችበት ድንጋይ በግንቦት ከውኃው ገጽ ጥቂት ስንዝር በታች ይሆናል። ርብና ጉማራ ደለል ይዘው በሚገቡበት በምሥራቁ ዳርቻ ውኃው ከዳር እስከ ሩቅ ድረስ ጉልበት የማያልፍበት ቦታ አለ። ነፋስ ሲነሣ ወደ ዳር መሸሽ ብልህነት ነው ይባላል፤ በጸደይ መጨረሻ ግን ዳሩ ራሱ ጀልባዋን ሊሰብር ይችላል።

ይህ የተፈጥሮ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሰቱን ይቆጣጠራል። በ2001 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ በሮች ተሠርተው ጢስ ዓባይ 2 የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ከሐይቁ የሚለቀቀው ውኃ ጨመረ። በ2003 እ.ኤ.አ. ድርቅ በዚያ ላይ ተደረበበትና ጣና በልኬት ከተመዘገቡት ከፍታዎች ሁሉ እጅግ ዝቅ ወዳለው ወረደ። ትልልቆቹ መርከቦች ለመንቀሳቀስ 1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ያስፈልጋቸዋልና በዚያ ወቅት ጉዞ እስከ ማቆም ደረሱ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ በምዕራብ በኩል ውኃ መሳብ ጀመረ። ኤሌክትሪኩን አልነቅፍም፤ አገር ይፈልገዋል። ነገር ግን በግንቦት ወር ከፍታው ዛሬ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ግድቡን የሚቆጣጠረው ክፍል ብቻ ሳይሆን ወደ ደልጊ የሚጓዘው የጀልባ ኃላፊም ሊሆን ይገባል። ቁጥሩ በየዕለቱ የሚለካ ነው፤ በጀልባ መነሻው ግድግዳ ላይ መጻፍ ብቻ ይጠይቃል።

አሁን ወደ አየሩ። በሚያዝያና በግንቦት ባሕር ዳር በዓመቱ ውስጥ እጅግ ሞቃት ወራቷን ታሳልፋለች፤ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ፀሐይ የጎጃምንና የበጌምድርን ሜዳ ቶሎ ታግለዋለች፤ ውኃው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። የጋለው የየብስ አየር ቀሎ ሲወጣ ቀዝቃዛው የሐይቅ አየር ሊተካው ወደ ዳር ይነፍሳል። ስለዚህ ጠዋት ጸጥታ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ፣ ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ሐይቅ የተገላቢጦሽ ነፋስ ይሆናል። በጣና ላይ የሚሠሩ ሁሉ የሚያውቁት የዕለት ሥርዓት ይህ ነው። ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጎብኚዎችን በማለዳ የሚያስነሣቸውም ይኸው ነው፤ ቀትር ሳያልፍ የተመለሰ ደረቅ ልብሱን ይዞ ይመለሳል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የተመለሰ ወጨፎውን ይቀምሳል።

ይህ ነፋስ የሚጠበቅ ስለሆነ ሰው ይዘጋጅለታል። የጸደይ አደጋ ያለው በሌላኛው ነፋስ ላይ ነው። በበልግ ወራት እርጥብ አየር ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይገባል፤ ከሰሜን አልፎ አልፎ ቀዝቃዛ የላይ አየር ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ በጉና፣ በጮቄና በዙሪያው ደጋ ላይ ደመና ይቆለላል። ክረምት ላይ ከደመናው በታች ያለው አየር እርጥብ ነውና ዝናቡ ሳይጎድል መሬት ይደርሳል። በጸደይ ግን የታችኛው አየር ገና ደረቅ ነው። ከደመናው የወረደው ዝናብ ብዙው መንገድ ላይ ይተናል፤ ሲተን በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ቁልቁል ይወድቃል፤ መሬት ወይም ውኃ ሲነካ በሁሉም አቅጣጫ ይፈናጠራል። ወጀብ የምንለው ድንገተኛ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ዝናቡ ገና ሩቅ እያለ ይደርሳል፤ አቅጣጫው ከዕለቱ ነፋስ ጋር አይገጥምም። ፀሐይ በአናቱ ላይ እያለች ደመናውን ከጉና በኩል ያየ ባለ ጀልባ ገና ጊዜ ያለው ሊመስለው ይችላል። ነፋሱ ግን ደመናውን ቀድሞ ይመጣል።

ጸደዩ ወደ ክረምት ሲያዘነብል ሌላ ነገር ይጨመራል። በጣና ተፋሰስ ላይ በ2007 እ.ኤ.አ. በክረምት ወራት የተወሰዱ የዝናብ ልኬቶች ላይ ተመሥርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመ ጥናት በተራሮቹ ላይ ዝናቡ ከቀትር በኋላ፣ በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ግን በሌሊት እንደሚበረታ አሳይቷል። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ ሌሊት ከየአቅጣጫው የሚወርደው የየብስ ነፋስ በሞቀው ውኃ ላይ ይገናኝና አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሌሊት ደግሞ ዓሣ አጥማጁ መረቡ ጋ ያለበት ጊዜ ነው። ጨለማ ውስጥ ደመና አይነበብም፤ መብረቁ ሲበርቅ ብቻ ነው የሚታየው።

ታንኳን ቀረብ ብሎ ላየው፣ በዚህ አየር ውስጥ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ይገባዋል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭና እንደ ቡሽ የላላ፣ አየር የቋጠረ ነው። ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ታስሮ አፍንጫው ወደ ላይ ይቆለመማል። ከውስጥ ሌላ የደንገል አልጋ ይደረብበታል፤ ውኃው በእስሩ መሐል እየሰረገ ስለሚገባ ጭነቱም ሰውየውም ከዚያ በላይ ይቀመጣሉ። ቀዛፊው ረዥም ቀርከሃ ይዞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይመታል። ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጡት ታንኳዎች ጎናቸው ከውኃው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይጫናሉ። ደንገል አየር ቋጥሯልና ታንኳ ቢገለበጥም አይሰምጥም። የሚታጠበው ሰውየው ነው። ውኃ እየጠጣ ይከብዳልና ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ደርቆም ቢሆን ዕድሜው ረዥም አይደለም፣ ሌላ መሠራት አለበት። ይህን ጥበብ ለትውልድ ያቆዩት በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደግሞ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሐይቁ ዙሪያ ተጉዘው ሲጽፉ ያዩት ታንኳ ዛሬ ከምናየው ብዙም የተለየ አልነበረም። አሁን ግን የዳርቻው እርጥብ መሬት እየታረሰ ደንገሉ እየራቀ ነው፤ ታንኳ ሠሪው ነዶውን ፍለጋ ከቀድሞው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

የሞተር ጀልባው ሌላ ጠባይ አለው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ በሞተርና በናይለን መረብ ማጥመድ ሲስፋፋ ዓሣ አጥማጁ ከዳር ርቆ መሐል ሐይቅ መድረስ ቻለ። ገዳማትን የሚያሳልሙት ጀልባዎች ደግሞ ፀሐይ መከላከያ ጣራ አላቸው። ያ ጣራ በጸጥታ ጊዜ ምቾት ነው፤ ወጀብ ሲመጣ ነፋሱን የሚይዝ ሰፊ ገጽ ይሆናል። ተሳፋሪው ፈርቶ ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰብ ጀልባዋ ታጋድላለች። የሕይወት አድን ጃኬት ኖሮም ወንበር ሥር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በዚያች ደቂቃ ለማንም አይደርስም። ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰው የመርከብ መሥመር ለብዙ ዓመታት በሐይቁ ዙሪያ ላሉ ከተሞች የሸቀጥና የሰው መገናኛ ሆኖ ኖሯል፤ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ማደር የተለመደ ነበር። አሁን ደግሞ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና የመጣችው ጣና ነሽ 2 ተጨምራለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የጀልባውን ሥራ ክፉኛ ጎድቶታል፤ ጎብኚው ቀርቷል፣ መሥመሩ ይዘጋል ይከፈታል። ነገር ግን ሰላም ሲመለስ ሐይቁ ላይ የሚወጣው ሰው ከዚህ በፊት ከነበረው እንደሚበዛ ጎርጎራ ላይ የተሠራው የጎብኚዎች መዝናኛ ራሱ ይናገራል። አሁን ዝግጅት የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

እምቦጭ የሚባለውን የውኃ አረምም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ነፋስ ካርታውን ይሠራል። ማታ ባዶ የነበረ የጀልባ መነሻ ጠዋት በአረንጓዴ ምንጣፍ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሥሩ የሞተሩን ፕሮፔለር ይጠመጥማል። ነፋስ በተነሣበት ሰዓት ሞተር የቆመበት ጀልባ አፍንጫውን ወደ ሞገዱ ማዞር አይችልም፤ ጎኑን ይሰጣል።

ስለዚህ ሁሉ የሚታወቀው ምንድን ነው? ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ሜቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በ1973 ዓ.ም. ኤጀንሲ ሆኖ ከተቋቋመ ጀምሮ፣ የዕለት፣ የ10 ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ሻውራ ላይ የአየር ራዳር ተተክሏል። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፤ እንደ ማንኛውም ማረፊያ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት ለአብራሪ ይናገራል። ያው ነፋስ ለአብራሪው ይነገራል፤ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሞተሩን ለሚያስነሣው ባለ ጀልባ አይነገርም። ከላይ ደግሞ ሳተላይቱ አለ። የአውሮፓ የሜቲዎሮሎጂ ሳተላይቶች ድርጅት መቀመጫው ዳርምሽታት ነው፤ ከቦርንሃይም በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ያመጠቀው አዲሱ ሜቲዮሳት በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ የአፍሪካንና የአውሮፓን ደመና በየ10 ደቂቃው ያነሣል፤ መብረቅን ቀንና ሌሊት የሚቆጥር መሣሪያም ይዟል። መረጃው ለአፍሪካ የሜቲዎሮሎጂ ተቋማት በሳተላይት ሥርጭት ይደርሳል። በደቅ ላይ በሌሊት የሚወርድ መብረቅ ዳርምሽታት ላይ ይታያል፤ አዲስ አበባም ሊታይ ይችላል። ደቅ አጠገብ ታንኳ ላይ ያለው ሰው ግን ከመድረሱ በፊት አያውቀውም።

ትንበያው ለምን ዳር ላይ እንደማይደርስ ሳስብ አንድ ምክንያት ይበረታብኛል። የአገራችን የአየር ትንበያ የተቀረጸው ለገበሬው ነው፤ ለዘር፣ ለአረም፣ ለመኸር። ይህ ትክክል ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ አራሽ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ስንት ዝናብ እንደሚጥል ይናገራል። ባለ ጀልባው ግን ስለ ዝናቡ መጠን ብዙም አይጨነቅም። እሱ የሚፈልገው ከቀኑ 7 እስከ 11 ሰዓት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚበረታ፣ ሞገዱ ምን ያህል እንደሚነሣ ነው። ይህ ሌላ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እስካሁን ለሐይቅ ተብሎ አልተጻፈም።

በሌላ ቦታ ተጽፏል። ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ የሚጋሩት ቦደንዜ 536 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጣና አምስተኛውን እጅ አይሞላም። ጥልቀቱ ግን ከ250 ሜትር ይበልጣል። የጸደይ አደጋው ሁለት ነው። አንዱ ፎን የሚባለው ነፋስ ነው፤ አልፕስን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ በራይን ሸለቆ በኩል ሐይቁ ላይ ይፈስሳል። ጸደይና መጸው ላይ ይበዛል። ሁለተኛው የውኃው ቅዝቃዜ ነው፤ በሚያዝያ አየሩ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን ውኃው 10 ዲግሪ ላይሞላ ይችላል። ቀጭን ሸሚዝ ለብሶ የወደቀ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ክንዱ ይደነዝዛል። ከዚህ ሁለተኛው ጣና ነፃ ነው፤ ውኃው ዓመቱን በሙሉ ለብ ያለ ነው።

በቦደንዜ ዳርቻ በየወደቡ ብርቱካንማ መብራት ቆሟል። ሐይቁ በምዕራብ፣ በመካከልና በምሥራቅ ተከፍሎ ለየክፍሉ ይጠነቀቃል። ነፋሱ በሰዓት ከ46 እስከ 61 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ግፊት ሊመጣ ሲል መብራቱ በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ከበለጠ 90 ጊዜ። የሦስቱ አገሮች የትንበያ ተቋማት ይመካከራሉ፤ ምልክቱ አንድ ነው። ከ4.4 ኪሎ ዋት በላይ ሞተር ወይም ከ12 ካሬ ሜትር በላይ ሸራ ያለውን ጀልባ የሚነዳ ሰው የቦደንዜ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በፈተናው የመብራቶቹን ትርጉም ይጠየቃል።

አንድ የግንቦት ቅዳሜ ሊንዳው ወደብ ላይ ይህን በዓይኔ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ተራሮቹ ከወትሮው ቀርበው ይታዩ ነበር፤ ውኃው ላይ እምብዛም ሞገድ የለም። ሰው አይስክሬም ይዞ ይንሸራሸራል። መብራቱ ብልጭ ማለት ጀመረ። ማንም አልጮኸም፣ ፖሊስ አልመጣም። ሸራቸውን የዘረጉት ጀልባዎች ግን አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ወደቡ መለሱ። አንድ አባት ከልጁ ጋር ሸራውን አውርዶ፣ ጃኬቷን አጥብቆላት፣ በትንሽ ሞተር ገባ። ነፋሱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ የባንዲራዎቹ ገመድ ምሰሶውን መምታት ጀመረ፣ ውኃው ነጭ አረፋ አወጣ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሐይቁ ላይ የቀረ ትንሽ ጀልባ አላየሁም። ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል ለሚለኝ ሁሉ ይህን እነግረዋለሁ፤ ዳር ላይ የነበረው አንድ ምሰሶና አንድ መብራት ነው።

ቦደንዜ ሀብታም አገሮች መሐል ያለ ነውና ለጣና አስተማሪነቱ ልክ አለው። የቀረበው አስተማሪ ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ወደ 69,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ የሚጋሩት፣ ሌሊት በሚነሣ ነጎድጓድ የሚታወቅ ሐይቅ ነው። በዓመት ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዎች ይሰጥሙበታል የሚል ግምት ለብዙ ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል። ከ2017 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ሜቲዎሮሎጂ ድርጅት አስተባባሪነት ሃይዌይ የሚባል ፕሮጀክት ተካሄደ። ሐይቁ በቀጠና ተከፈለ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የነፋሱ፣ የሞገዱና የነጎድጓዱ ትንበያ በቀለም እየተለየ ወጣ፤ በአካባቢ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ በማኅበረሰብ ሬዲዮ፣ በዋትሳፕና በዓሣ ማረፊያ አለቆች በኩል ተሰራጨ። ትንበያው ሲዘጋጅ አጥማጆቹ ተጠይቀዋል፦ በስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? ምን ያህል ሞገድ ይመልሳችኋል? የሚሰማ ማስጠንቀቂያ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ከጥያቄ ይጀምራል።

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ላንጋኖ ላይ የዋለ ሰው የከቀትር በኋላውን ነፋስ ያውቀዋል፤ ዓባያና ጫሞ ሰፊ ናቸው፣ ባለ ጀልባ አላቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አዲሱ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘውን ንጋት ሐይቅን ፈጥሯል። ጣና ላይ ነፋሱን ከአባቱ የተማረ ቀዛፊ አለ። ንጋት ላይ አባቱም አያቱም የቀዘፈ ሰው የለም። ትናንት ሸለቆ የነበረ ቦታ ላይ ነፋሱ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ክንፍ እንደሚነሣ የሚያውቅ ልምድ ገና አልተወለደም። ዓሣ ማስገሩና ማጓጓዙ መስፋፋቱ አይቀርምና ልኬቱም ትንበያውም ቀድሞ እዚያ መድረስ አለበት።

ማስጠንቀቂያ ቢኖርም ባለ ጀልባው አይሰማም የሚል ክርክር ይቀርባል። የቀን ገቢው ከዕለት ጉዞው ነውና መብራቱን አይቶም ይሄዳል ይሉናል። እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ዛሬ ብቻውን ይወስናል፤ ተሳፋሪው ይጎተጉተዋል፤ ሌላው ጀልባ ከሄደ ገበያውን ያጣል። ምልክቱ ለሁሉ እኩል ሲታይ «ዛሬ አንሄድም» ማለት የአንድ ሰው ፍርሃት መሆኑ ይቀርና የማኅበሩ ውሳኔ ይሆናል። ተሳፋሪውም መብራቱን አይቶ ራሱ ይጠይቃል። የሚበልጠው ሥጋት የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስት ጊዜ መብራት በርቶ ነፋስ ካልመጣ አራተኛውን ማንም አያምነውም። ስለዚህ ልኬት ያስፈልጋል፦ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላና ጎርጎራ ላይ የነፋስ መለኪያ ይተከል፤ የተተነበየውና የመጣው በየቀኑ ይነጻጸር። ባለ ጀልባውም በስልክ «እዚህ ነፋስ ተነሥቷል» ብሎ የሚነግርበት መሥመር ይኑረው፤ ሐይቁ ላይ ከእሱ የተሻለ መለኪያ የለም።

ለዚህ የሚሆን ሰው አገር ውስጥ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በማሪታይም ማሠልጠኛው ወጣቶችን አስተምሮ በዓለም ውቅያኖሶች ላይ በሚሄዱ መርከቦች ያሠማራል፤ ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ያለውን ሐይቅ ለመጠበቅ ትምህርቱ ያንሳል ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የአገር ውስጥ ውኃ ጀልባዎችን የመመዝገብና የመመርመር ሥልጣን አለው። ሜቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ ባሕር ዳር ላይ ባለሙያ አለው። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበራት አሉ፤ ገዳማቱ አሉ፤ ቃላቸው የሚሰማ አባቶች አሉ። ከጉዞ በፊት ከአንድ መነኩሴ አፍ «ዛሬ ከቀትር በኋላ አትመለሱ» የሚለው ቃል ከማንኛውም ሰሌዳ በላይ ይሠራል።

ለመጀመሪያው ጸደይ ሥራው በባሕር ዳር፣ በዘጌና በደቅ ይወሰን። በእያንዳንዱ መነሻ አንድ ምሰሶ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ መብራት፣ የሐይቁ ከፍታና የዕለቱ የነፋስ ትንበያ በአማርኛ በትልቁ የሚጻፍበት አንድ ሰሌዳ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ይታደስ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን መብራቱን የሚያበራው ማን እንደሆነ በስም፣ በደመወዝና በስልክ ቁጥር ይታወቅ፤ ኃላፊነቱ በሦስት መሥሪያ ቤቶች መካከል ከተንሳፈፈ ምሰሶው ቆሞ መብራቱ ሳይበራ ይቀራል። ያ ሰው ከመጋቢት 26 በፊት ከተመደበ የሚቀጥለው ፋሲካ ላይ ወደ ደቅ የሚሳፈረው ሰው ሰሌዳውን አንብቦ መሳፈር ይችላል።